ለሳቃችሁልንም ላኮረፋችሁብንም፦ የምስጋና መልእክት

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ወገኖቻችን፣

የየብሔሩን ልጆች አንድ መድረክ ላይ ያወጣው የኮሜዲ ምሽታችን በሰላም አለፈ። ማስታወቂያው ከወጣ ጀምሮ ስልኬ ላይ ይገባ የነበረውን ያየ ሰው ይህን ሲሰማ መገረሙ አይቀርም። «ከእነሱ ጋር እንዴት አንድ መድረክ ላይ ትወጣለህ?» የሚለው ሰው ብዛቱ! «እነሱ» እነማን እንደሆኑ ግን እስከ መጨረሻው አልገባኝም፤ ሁሉም ወገን ያንኑ ነበር የሚልከው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራዩ ጦርነት ሲጀመር እዚህም ሰው ተኳረፈ። በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ የኛን ኩርፊያ የሚፈርምልን ግን አልተገኘም።

የተከራየነው አዳራሽ በመጨረሻው ሰዓት «ጣጣ አንፈልግም» ብሎ ሲሰርዝብን፣ ዋናው ገበያሽ በሆነው ቅዳሜ ማታ ምግብ ቤትሽን የሰጠሽን እኅታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ኪራዩን ስንጠይቅሽ «መጀመሪያ ብሉ» ያልሽውን አንረሳም።

«ሰው እየሞተ ቀልድ ነውር ነው» ለሚሉን መልስ የሰጡልን አባታችን፣ ዕድሜ ይስጥልን። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከመቶ ዓመት በፊት የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ሲጽፉ ኮሜዲ እንደጻፉ፣ የሹማምንቱንም ጉድ በአውሬዎች አፍ እንዳናገሩ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ እንደታገደም በስልክ እንደ ታሪክ መምህር ተረኩልን። «የታገደው ስላሳቀ ሳይሆን ስለገባቸው ነው» ብለው ሲጨርሱ እኛም ልባችን ሞላ።

ሳያውቀን የረዳንን ዮሲ ቫሳንም ሳላመሰግን አላልፍም። በልጅነቱ ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል ወጥቶ እስራኤል የገባ ኮሜዲያን ነው። ከሻይ ቤን አታር ጋር የፈጠረው፣ በኢትዮጵያዊ ባልና በአሽከናዚ (ዘሯ ከአውሮፓ አይሁዶች በሆነ) ሚስት ትዳር ላይ የተሠራው ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። የሁለቱንም ወገን አማቶች ነው የሚያስቀው። የምሽታችንን ሕግ ያወጣነው እሱን እያየን ነው፤ ማንም የሌላውን ብሔር አነጋገር አይኮርጅም፣ ሁሉም ከገዛ ቤቱ ይጀምራል። በድሮዎቹ የቀልድ ካሴቶች አማርኛው የሚሰባበርበት ሰው ሁልጊዜ መሣቂያ ነበር፤ እኔም ስቄባቸው አድጌአለሁ፣ ያ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማ እንደሆነ ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

የኦሮሞው ወንድማችን፣ አንተ ግን ያንን ካሴት ገለበጥከው። «አማርኛዬ ሲሰበር ትስቃላችሁ። እኔ እኮ በአራት ቋንቋ ነው የምሳሳተው፤ እናንተ በስንት ትሳሳታላችሁ?» ስትል ከፊት የተቀመጡት እናቶች ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። የጉራጌው ልጅ «ቆጣቢ ትሉናላችሁ፤ ባንቆጥብ ከማን ልትበደሩ ነው?» ሲል ደግሞ አንገቱን የደፋ ሰው አይቻለሁ፣ ስሙን አልጠራም። የመቀሌዋ እኅታችን የእናትሽና የጎንደሬዋ አማትሽ የሽሮ ክርክር ማን አሸነፈ ሲባል፣ ሽሮው የተገዛው ከሕንድ ሱቅ ነው ስትዪ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፖለቲከኞቻችን በስብሰባ ያላስቀመጡትን ሰው አንቺ በሽሮ አስቀመጥሽው።

መሃል ላይ ተነሥተው የወጡት ወንድማችን፣ ለእርስዎ ምስጋናዬ ከሁሉም ይበልጣል። ትግራይ ውስጥ ስልክ ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ላይ አንዷ ኮሜዲያናችን የቀለደቻት ቀልድ እንደከበደችዎ፣ በእነዚያ ወራት የእናትዎን ድምፅ ሳይሰሙ እንደቆዩ በማግስቱ ደውለው ነገሩን። ደውለው መናገርዎ ብቻ በቂያችን ነበር፤ እርስዎ ግን «ልጅቷ እንዳታቆም ንገሯት» አሉ። ነግረናታል። ቀልዷን አልጣለቻትም፣ እናቷን ጨምራባታለች።

ድምፅ ማጉያ ያዋሳችሁን፣ ልጆች የጠበቃችሁልን፣ በር ላይ ቆማችሁ ትኬት የቆረጣችሁ ሁሉ ክበሩልን።

በመጨረሻም ጎረቤት ሱቅ ደጃፍ አቁማችሁ መኪናችሁ የተጎተተባችሁን እንግዶቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ምልክቱ በጨለማ አይታይም። ልታስለቅቁ በአንድ ኡበር ታጭቃችሁ ስትሄዱ በመንግሥት ጉዳይ አልተስማማችሁም አሉ፣ በመጎተቻው ዋጋ ላይ ግን አንድም ልዩነት አልነበራችሁም።

አክባሪያችሁ፣
የዝግጅቱ አስተባባሪ