ስለ ጀነሪክ የድባቴ መድኃኒቶች

ለአዘጋጁ፦

ጀነሪክ (በሌላ አምራች የተሠራ አቻ) የድባቴ መድኃኒት ከመጀመሪያው ባለ ንግድ ስሙ እስከ 20 በመቶ ያነሰ ይዘት ሊኖረው ይችላል የሚለው የጽሑፋችሁ ሐሳብ መታረም አለበት። ጀነሪኩ ከባለ ንግድ ስሙ ጋር ሲነጻጸር ሊያሟላው የሚገባው ከ80 እስከ 125 በመቶ የሚባለው ወሰን በእንክብሉ ውስጥ ያለውን ሚሊግራም አይመለከትም። የሚለካው ወደ ደም የሚገባው መጠን ነው፤ ያውም የንጽጽሩ 90 በመቶ የመተማመኛ ክልል (እውነተኛው ውጤት ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል) ሙሉ በሙሉ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል መግባት ስላለበት፣ አማካይ ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው። እንደ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ላሉት፣ ለስሙ ብቻ ተጨማሪ መክፈል አያስፈልግም።

በሰውነት ውስጥ ቀስ እያሉ በሚለቀቁት መድኃኒቶች ላይ ግን ጥርጣሬው መሠረት አለው። በአሜሪካ፣ የባለ ንግድ ስሙ የድባቴ መድኃኒት የዌልቡትሪን ኤክስኤል ጀነሪክ የሆነው ባለ 300 ሚሊግራሙ ቡዴፕሪዮን ኤክስኤል የጸደቀው በ150 ሚሊግራሙ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ነበር። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ የታካሚዎችን አቤቱታ እ.ኤ.አ. በ2008 ከሕመሙ ማገርሸት ጋር አያይዞ አለፈው (ችኮላ ነበር)። በኋላ ግን 300ውን ራሱን አስፈትሾ፣ ከዌልቡትሪን ኤክስኤል ጋር አቻ አለመሆኑን በ2012 አስታወቀ።

ስለዚህ መድኃኒት ቤቶች አምራቹ ሲቀየር ለታካሚው ይንገሩ። ታካሚውም ቀኑን ይመዝግብ፤ ለውጥ ከተሰማው መድኃኒቱን በራሱ ሳያቋርጥ፣ የቀድሞውንና የአሁኑን ማሸጊያ ይዞ ሐኪሙን ያማክር።

አንድ የፋርማሲ ባለሙያ