«መላው ዓለም» ስትሉ እነማንን ቆጠራችሁ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ስለ ዩክሬን ጦርነት ያወጣችሁትን ትንታኔ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ርዕሱ ግን አልዋጥልኝ አለ። «መላው ዓለም ያወገዘው ወረራ» ይላል።

እኔ ለ19 ዓመት የውጭ ዜና ወደ አማርኛ ስመልስ የኖርኩ ተርጓሚ ነኝ። እንጀራዬ ቃል መምረጥ ስለሆነ እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ ይጎረብጠኛል። የምጽፈው ለጠብ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጠብም ነው።

ቁጥሩን እናምጣው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ማርች 2 ቀን 2022 ድምፅ ሲሰጥ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) 141 አገሮች ወረራውን የሚቃወመውን የውሳኔ ሐሳብ ደገፉ። ሩሲያን ጨምሮ 5 አገሮች አንቀበልም አሉ። 35ቱ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። 12 አገሮች ደግሞ ጭራሽ ድምፅ አልሰጡም። የእኛዋ ኢትዮጵያ ከነዚህ ከ12ቱ አንዷ ነች። ከ35ቱ መካከል ቻይናና ሕንድ አሉ። ሁለቱ ብቻ ከዓለም ሕዝብ ሲሶውን ይበልጣሉ። ታዲያ «መላው ዓለም» ማነው?

ሕንድ ለምን ዝም አለች? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ርካሽ የሩሲያ ነዳጅ ፈልጋ ነው የሚል ነው። የነዳጁ ግዢ የደራው ግን ከድምፁ በኋላ ነው። ነገሩ ሩቅ ይሄዳል። በ1971 ሕንድና ፓኪስታን ሲዋጉ አሜሪካ ኢንተርፕራይዝ የምትባለውን የጦር አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቧን ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ላከች። በዚያው ሰሞን ሶቪየት ኅብረት በጸጥታው ምክር ቤት ድምፅን በድምፅ የመሻር መብቷን ለሕንድ ስትል ተጠቀመችበት። ይህን የሚያስታውስ የዴልሂ ሰው ሞስኮን የሚያየው በዋርሶ ሰው ዓይን አይደለም። ለፖላንዱ ሞስኮ ማለት 1939 ነው። ያን ዓመት ከሂትለር ጋር ሆና አገሩን ተቀራምታዋለች።

አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በሌላ ጋዜጣ ስሠራ በአንድ ቀን ሁለት ዜና ተረጎምኩ። አንዱ የቻይናና የፊሊፒንስ የጥበቃ ጀልባዎች ስለመፋጠጣቸው ከማኒላ የመጣ ነው። «የምዕራብ ፊሊፒንስ ባሕር» ይላል፤ እንደወረደ ጻፍኩት። ሌላው ከለንደን ነው። እሱ ደግሞ «የደቡብ ቻይና ባሕር» ይላል፤ እሱንም እንደወረደ። ሁለቱ ዜናዎች አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ወጡ። በማግስቱ አንድ አዛውንት ደወሉ። «የኔ ልጅ፣ ቻይና በሁለት ባሕር ነው እንዴ የምትጣላው?» አሉኝ።

ባሕሩ አንድ ነው። ለቻይና በስተደቡብ ስለሚገኝ የደቡብ ባሕር ነው። ለቬትናም በስተምሥራቅ ነውና የምሥራቅ ባሕር ትለዋለች። ፊሊፒንስ ደግሞ በ2012 የኔ ነው የምትለውን ክፍል የምዕራብ ፊሊፒንስ ባሕር ብላ በይፋ ሰየመችው። ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ። ውሃው ንቅንቅ አላለም። አዛውንቱን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አለቃዬ ግን «ማን ልብ ይለዋል? ዝም ብለሽ ተርጉሚ» አለኝ። ልብ ያለው ሰው እኮ ገና ስልኩን መዝጋቱ ነበር።

የ1962ቱ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። አሜሪካኖቹን ተከትለን «የኩባ ሚሳይል ቀውስ» እንላለን። ሩሲያኖች «የካሪቢያን ቀውስ» ይሉታል። ኩባዎች ደግሞ «የኦክቶበር ቀውስ»። ክሱ ስሙ ውስጥ አለ። በአሜሪካኖቹ ታሪኩ የሚጀምረው የሶቪየት ሚሳይሎች ኩባ ሲገቡ ነው። ሞስኮ ቱርክ ውስጥ ከተተከሉት ጁፒተር ከተባሉት የአሜሪካ ሚሳይሎች ትጀምራለች። ሃቫና ደግሞ አሜሪካ ያሠለጠነቻቸው የኩባ ስደተኞች በ1961 ካካሄዱት ወረራ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ኩባን በመርከብ ሲያጥር «ከበባ» አላለውም። ከበባ በሕግ የጦርነት ድርጊት ነዋ። «ኳራንቲን» አለው፤ የወረርሽኝ ቃል! (ሰውየው በኛ ሥራ ቢሰማራ ያዋጣው ነበር።) መጨረሻ ላይ ከሶቪየቱ መሪ ከክሩሽቼቭ ጋር ተስማሙና፣ በምስጢር በተገባው ቃል መሠረት ጁፒተሮቹ በ1963 ከቱርክ ተነሡ። የኩባውን መሪ ካስትሮን ግን ማንም አላማከረውም። ስለ ዝሆኖቹና ስለ ሣሩ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ኩባዎች ስሙን ያወጡለት ከሣሩ በኩል ሆነው ነው።

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መቼ ጀመረ ብትሉኝ አፌ 1939 ይላል፤ ልቤ ግን ጣሊያን እኛን የወረረችበትን 1935። ቻይናዊው ጃፓን የወረረችውን 1937 ይላችኋል። በ1935 ለንደንና ፓሪስ ሙሶሊኒን ያባብሉት የነበረው ወደ ሂትለር እንዳይጠጋባቸው ነው። ማዕቀቡ ነዳጅን አልነካም፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋበትም። ለነሱ ስሌት ነበር። ለኛ ክህደት ነው። ስሌታቸው ዛሬ በደንብ ይገባኛል፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ይህን ስል ሁሉም እንደየዓይኑ ነው ብሎ መገላገል ይቻላል ማለቴ አይደለም። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ድንበር የተሻገሩት ታንኮች የሩሲያ ናቸው። ይሄ ከዴልሂም ከዋርሶም ሲታይ ያው ነው። ሞስኮ «ልዩ ወታደራዊ ዘመቻ» ትበለው እንጂ እኔ ያለ ትእምርተ ጥቅስ አልጽፈውም። የሚለያየው ነገሩ የቱን ያህል ያስደነግጣል፣ ከየት ጀመረ፣ ማንስ ዳኛ ሆነ የሚለው ላይ ነው። «በ2003 ኢራቅ ስትወረር የት ነበራችሁ?» የሚለው ሰው የበዛውም ለዚህ ይመስለኛል። ጥያቄው ለሩሲያ ሰበብ አይሆናትም። ጠያቂው ግን መልስ ይገባዋል።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ዜናውን ከየትኛው የዜና ወኪል እንደወሰዳችሁት ከታች በደቃቅ ፊደል ሳይሆን ከላይ ጻፉልን። የባሕሩ ስም የሚያጣላ ሲሆን ሁለቱንም ስም አስገቡ። ርዕስ ጠባብ ቦታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስንቴ ተቆርጦብኛል። ቢሆንም «141 አገሮች ያወገዙት ወረራ» ብትሉ ከናንተው ርዕስ የሚበልጠው በአንዲት ፊደል ቦታ ብቻ ነው። ቆጥሬዋለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ተርጓሚዋ