ደቅ ላይ ደህና መውረጃ ይሠራልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ጣና ብዙ ይጻፋል። ስለ እንቦጩ፣ ከጅቡቲ በየብስ ተጎትታ ስለመጣችው ጀልባ ጣናነሽ 2፣ ጎርጎራ ላይ ስለተሠራው ሪዞርት። ደስ ይላል፣ ይጻፍ። እኔ የምጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው፤ ጀልባው ጣና ውስጥ ካለው ደቅ ደሴት ጋ ከደረሰ በኋላ ሰው እንዴት ይውረድ?

ከባሕር ዳር ደቅ ላይ ወዳለው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በትንሿ የሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ነጂዎቹ በጠዋት መውጣት ይወዳሉ። ባለፈው ስንሄድ ሞተሩ ጠፍቶ ገመዱ ሲወረወር የጠበቀን ያው እርጥብ ድንጋይ ነው። አብረውን የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው፣ አንድ እግራቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ፣ ሌላው ጀልባው ጠርዝ ላይ እንዳለ ጀልባው ሸሸት አለ። ሁለት ወጣቶች በብብታቸው አፈፍ ባያደርጓቸው ውኃ ውስጥ ነበሩ። ይሄ በጥሩ ቀን ነው። ሐምሌ 7 ለሥላሴ ንግሥ፣ በጭቃና በዝናብ፣ ሕፃን ያዘለ ሁሉ ሲጋፋ አስቡት።

ነጂውም እኮ አይፈረድበትም። ማዕበሉ ጀልባውን ከድንጋይ ጋር ሲያላትምበት እንዴት ይረጋጋ? ገና ከመድረሳችን «ቶሎ በሉ» ይለናል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩትን ቤተ ክርስቲያን፣ ራሳቸውም ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉበትን ግድግዳ፣ በሩጫ ዓይተን እንመለሳለን። ያሳዝናል።

አንድ ጊዜ ሲሚንቶ አፍስሶ መሄድም አያዋጣም። ጣና መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል፣ ልዩነቱ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ለሙላቱ የተሠራው በበጋ ከውኃው በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ለጉድለቱ የተሠራው ደግሞ በመስከረም ይሰጥማል። የሚያስፈልገው ከውኃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ መውረጃ ነው። ባዶ በርሜል፣ ጣውላ፣ ጠንካራ ሰንሰለት፣ የሚያዝ መደገፊያ። የጀልባ ማኅበራቱ ከደሴቱ ሰው ጋር ሆነው ሊሠሩት ይችላሉ፣ መንግሥት ዕቃውን ካቀረበ።

ደግሞ ደቅ የጎብኚ ቦታ ብቻ አይደለም፣ ሰው አርሶ የሚኖርበት ደሴት ነው። ምጥ የጠናባት ሴት ሆስፒታል ለመድረስ መጀመሪያ ጀልባ ላይ መውጣት አለባት። በቃሬዛ ይዘዋት በዚያ ድንጋይ ላይ ነው የሚረማመዱት።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ጋዜጠኛ ልካችሁ የሐይቁን ትራንስፖርት የሚመሩትን ጠይቁልን። ለደሴቶቹ መውረጃ በጀት ተይዟል ወይ? ከተያዘ የትኛው ደሴት ይቀድማል፣ መቼስ ይጀመራል? መልሳቸውን እዚሁ ገጽ ላይ አውጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር