ኮርቲሶልን ከደም የሚያስወግደው ሻይ ሳይሆን ኢንዛይም ነው

ይድረስ ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን በጤና ዓምዳችሁ ስለ ጭንቀት የወጣው ጽሑፍ፣ የጭንቀት ሆርሞኖች በደም ውስጥ ተከማችተው እንደሚቀሩና ጠዋት ጠዋት በሚጠጣ የቅጠላ ቅጠል ሻይ ማጠብ እንደሚገባ ለአንባቢዎች መክሯል። በፋርማሲ ሙያ የማገለግል እንደመሆኔ ምክሩን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። ሰውነታችን እነዚህን ሆርሞኖች፣ በተለይም አድሬናሊንንና ኮርቲሶልን፣ የሚያስወግድበት የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱ ከሚገባው በላይ ሲፈጥን ደግሞ ሰው ሊሞት ይችላል።

ስለ አድሬናሊን ብዙ ማለት አያስፈልግም። በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ሆርሞኑን ከሚሰባብሩት ኢንዛይሞች አንዱን፣ ኮምት በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀውን፣ አሜሪካዊው ተመራማሪ ጁሊየስ አክስልሮድ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ለይቶ ያሳወቀ ሲሆን፣ በዚህ ዘርፍ ባከናወነው ሥራ በ1970 የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተጋርቷል። የስብርባሪው ማብቂያ ሽንት ነው፤ ሐኪሞች አድሬናሊንን ከልክ በላይ የሚያመነጭ ዕጢ ሲጠረጥሩ የ24 ሰዓት ሽንት እንዲጠራቀም የሚያዝዙትም ስለዚህ ነው።

ኮርቲሶል ግን ዘገምተኛ ነው። አብዛኛው ክፍል በደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ መጠኑ በግማሽ እስኪቀንስ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በዋናነት የሚያስወግደው ጉበት ነው፤ እዚያ ያሉት ኢንዛይሞች መጀመሪያ የሆርሞኑን ቅርጽ ለውጠው ኃይሉን ያጠፉታል፣ ቀጥሎም በውሃ እንዲሟሟ የሚያደርግ አሲድ ያያይዙበትና ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። ኩላሊትም የራሱ ኢንዛይም አለው፤ ኮርቲሶልን ኮርቲሶን ወደሚባለው ኃይል አልባ መልክ ይለውጠዋል። ይህ ባይሆን ኮርቲሶል ጨውና ውሃ እንዳይወጡ ይዞ የደም ግፊትን ከፍ ያደርግ ነበር። ጉበትና የስብ ህዋሳት ደግሞ ኮርቲሶንን መልሰው ኮርቲሶል የሚያደርግ ሌላ ኢንዛይም አላቸው፤ ነገሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ጽዳት አይደለም። ሻይ ከተነሳ አይቀር፣ በአንዳንድ የዕፅዋት ሻዮች ውስጥ የሚጨመረው ሊኮሪስ የተባለ ጣፋጭ ሥር በብዛት ከተወሰደ ያንን የኩላሊት ኢንዛይም ስለሚያግደው ግፊትን ያስነሳል፣ ፖታሲየምንም ያመናምናል። ጽሑፋችሁ ተስፋ ከሰጠው ነገር ፍጹም ተቃራኒ መሆኑ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን ከሻዩ ይልቅ ለሀገራችን የቀረበ ጉዳይ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ በሚሰጠው የስድስት ወር ሕክምና ውስጥ ዋናው መድኃኒት ሪፋምፒሲን ነው፤ ሽንትን ወደ ብርቱካናማነት ስለሚለውጥ የወሰደው ሁሉ ያውቀዋል። ይህ መድኃኒት በጉበት ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች፣ በተለይም ሲዋይፒ 3ኤ4 የተባለው፣ በብዛት እንዲመረቱ ያደርጋል። ኢንዛይሙ በጤናማ ሰው ላይ ኮርቲሶልን የሚያስወግደው በጥቂቱ ነው፤ ሪፋምፒሲን ሲያበረታው ግን በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ድርሻው እጅግ ያድጋል። ኮርቲሶልን የሚያመርቱት አድሬናል ዕጢዎቹ ጤነኛ የሆኑ ሰው ብዙ ኮርቲሶል በማምረት የጎደለውን ስለሚተካ አንዳች ነገር ላይሰማው ይችላል።

የቲቢ ባክቴሪያ ግን ከኩላሊት በላይ ወዳሉት ወደ እነዚሁ ዕጢዎች ሊዛመት ይችላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን በስሙ የሚጠራውን የአድሬናል ዕጢ ድክመት በሽታ እ.ኤ.አ. በ1855 ሲገልጽ በዘመኑ ቀዳሚው መንስኤ ቲቢ ነበር፤ ቲቢ በተስፋፋባቸው አገሮች ዛሬም አንዱ መንስኤ ነው። ዕጢዎቹ አብዛኛው ክፍላቸው እስኪወድም ምልክቱ ጎልቶ አይታይም። እንዲህ ባለ ሕመምተኛ ላይ ሪፋምፒሲን ሲጀመር፣ ሽንቁር እንስራ ላይ ቀዳዳውን እንደማስፋት ይሆናል፤ የሚመረተው ጥቂት ኮርቲሶል በፍጥነት ይወገድና ሕመምተኛው የደም ግፊቱ ወርዶ፣ እያስመለሰውና አቅም እያጣ ለሞት ወደሚያደርስ ቀውስ ሊገባ ይችላል። የሚያሳዝነው ድካሙም፣ ክብደት መቀነሱም፣ ማቅለሽለሹም የቲቢው ወይም የመድኃኒቱ ጠባይ ተደርጎ መወሰዱ ነው። የቆዳ መጥቆር የተባለው የዕጢ ድክመቱ ምልክት በእኛ ቆዳ ላይ በቀላሉ ስለማይለይ ድድን፣ የመዳፍ መስመሮችንና አሮጌ ጠባሳን መመልከት ይገባል፤ ከዚህ ጋር ጨው ጨው የሚያሰኘውና ሲነሳ የሚያዞረው ሰው ካለ በደም ምርመራ ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ነው። ሕክምናውም ኮርቲሶልን የሚተካ መድኃኒት መስጠት ነው።

ይህን አንብቦ የቲቢ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ እንዳይኖር አደራ እላለሁ። መድኃኒቱ ሕይወት አዳኝ ነው፤ የተጠቀሱት ምልክቶች የሚታዩበት ሰው መድኃኒቱን እየወሰደ በአስቸኳይ ለሐኪሙ ያሳውቅ። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ኮርቲሶል መሰል መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሪፋምፒሲን ሲጀመርለት መድኃኒቱ ቶሎ ከደሙ ስለሚወጣ መጠኑን ከፍ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሪፋምፒሲኑ ሲያበቃ ደግሞ ኢንዛይሞቹ በሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ስለሚመለሱ መጠኑ እንደገና ይከለሳል። (የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንም በዚሁ መንገድ ይዳከማል፤ ይህን ለሴት ታካሚዎቻችን መንገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።)

ዝግጅት ክፍሉ ስለ ሻዩ የወጣውን ምክር እንዲያርምና በአንዱ ቀጣይ እትም ስለ አድሬናል ዕጢ ድክመት የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት አነጋግሮ እንዲያስነብበን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ፋርማሲስት
ከአዲስ አበባ