አቀበቱ በመልስ ነው፦ የብስክሌት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የትምህርት ቤታችን የብስክሌት ክበብ በዚህ ዓመት ዋና ሥራው አድርጎ የያዘው ከጎንደር የሚወጡትን መንገዶች ለብስክሌት ጉዞ አጥንቶ መመዝገብ ነበር። ውድድር አላዘጋጀንም፤ ዋንጫም አላመጣንም። ያለን ብስክሌት ከአባላቱ ቁጥር በእጅጉ ያነሰ በመሆኑ ተማሪዎቹ በተራ ሲነዱ፣ ተራቸው ያልደረሰው ደግሞ መንገዱን ሲለኩ፣ ካርታ ሲሥሉና መዝገብ ሲይዙ ቆይተዋል። ችግሩ ያስገደደን ይህ የሥራ ክፍፍል በኋላ የክበቡ ዋና ጥንካሬ ሆኖ ተገኝቷል።

ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሁለቱም ወንዞች ወደ ደቡብ ወርደው ከመገጭ ጋር ይገናኛሉ፤ መገጭም የደንቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። የከተማዋ መሃል ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖረው፣ የጣና ሐይቅ ወለል ግን ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህም ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ አዘዞ፣ ከዚያም ወደ ቆላ ድባ ወይም ወደ ማክሰኚት አቅጣጫ የሚሄድ ብስክሌተኛ ጠዋት በብርዱ ያለ ብዙ ድካም ይወርድና ፀሐይ ስትበረታ ያንኑ መንገድ አቀበት አድርጎ ይመለሳል። በሰሜን በኩል፣ በወለቃ አድርጎ ወደ ኮሶዬና ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚወስደው መንገድ ጠባዩ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሲሄዱ አቀበቱ ይበዛል፣ ሲመለሱ ቁልቁለቱ።

በመስከረም ስብሰባችን አብዛኞቹ አባላት የሰሜኑን መንገድ መረጡ። ምክንያታቸውም ጉልበት ሳይደክም ወጥቶ፣ ሲደክም ደግሞ ፔዳል ሳይመቱ መውረድ ይሻላል የሚል ነበር። ለጊዜው አሳማኝ ይመስላል። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ግን እጇን አውጥታ፣ «አቀበት ላይ የደከመው ወርዶ ይገፋል፤ ቁልቁለት ላይ የደከመውስ?» ስትል ጠየቀች። ክርክሩ ከዚያች ዕለት አልፎ ለሳምንታት ቀጠለ፤ የፊዚክስ መምህራችንም እንዲያግዙን ተጠሩ። የብስክሌት ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት ወደ አራት እጥፍ እንደሚያድግ፣ በረጅም ቁልቁለት ላይ ሳይለቁ የተያዘ ፍሬንም ግሎ ኃይሉን እንደሚያጣ በሰሌዳ ላይ ሠርተው አሳዩን። በዚህ ላይ የዛለ ጣትና የተዘናጋ ዓይን ሲጨመርበት፣ የሚቀለው መልስ አደገኛው ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ አዲስ አባላት ሁሉ በአዘዞ መንገድ እንዲጀምሩ፣ ከወለቃ ቁልቁለት የሚሰለፉት ግን የፍሬን ፈተና ያለፉት ብቻ እንዲሆኑ ተወሰነ። በእኔ እምነት በዓመቱ ከወሰንናቸው ውሳኔዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ፈተናው ቀላል ይመስላል፤ ተማሪው በተሰመረ መስመር ላይ ደርሶ የኋላው ጎማ ሳይነሣና ሳይንሸራተት መቆም አለበት። ብዙውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው፤ እርሱን ብቻ በድንገት የጨበጠ ግን በመሪው ላይ ተሻግሮ ይወድቃል። ሁለቱን በመጠን መያዝ፣ ሰውነትን ወደ ኮርቻው ኋላ መግፋት፣ ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነት ቀንሶ መታጠፊያው ውስጥ ፍሬን አለመንካት በቃል ሲነገር የሚያስተኛ ትምህርት ቢሆንም፣ ወደ ቀሃ የሚወርደው መንገድ ላይ ሲደርሱ ማንም አያንቀላፋም። ከፋሲል መዋኛ በላይ ካሉት መታጠፊያዎች በአንዱ ላይ ገልባጭ መኪና ያፈሰሰው ጠጠር አስፋልቱን እንደ ሽምብራ ሸፍኖት አገኘን። ፊት የነበረው ልጅ እጁን ዘርግቶ ምልክት ሰጠ፤ ሁላችንም ወርደን በእግር አለፍን። ከኋላ የነበሩት ሁለት ተማሪዎች ከመንገዱ ዳር የባሕር ዛፍ ቅጠል ቆርጠው መታጠፊያውን ጠርገውት መጡ።

የአቀበቱን መጠን የለካነው ከአንድ ግንበኛ በተዋስነው ውኃ ልክ ነው። አንድ ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ ጣውላ በመንገዱ ርዝመት ይጋደማል፤ ውኃ ልኩ በላዩ ይቀመጣል፤ ከዚያም አረፋዋ መሃል እስክትገባ ድረስ የጣውላው የታችኛው ጫፍ ከአስፋልቱ ይነሣል። በጫፉና በአስፋልቱ መካከል ያለው ክፍተት ሰባት ሴንቲ ሜትር ከሆነ መንገዱ በየመቶ ሜትሩ ሰባት ሜትር ይወጣል ማለት ነው። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ፐርሰንት የሚባለውን ነገር ከዚህ በፊት በፈተና ወረቀት ላይ እንጂ በጉልበታቸው ላይ አያውቁትም ነበር። ልኬቱ ዓይን እንደሚያታልልም አሳይቷቸዋል፤ ሰፊውና ቀጥ ያለው የአዘዞ አስፋልት ሜዳ ይመስልና ሳያሳውቅ ያደክማል፣ እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሩት ወደ ቁስቋም የሚወጣው ግን ገና ከሥሩ ሲያዩት የሚያስፈራውን ያህል ነው። ርቀቱ አጭር በመሆኑ ለማርሽ አያያዝ ልምምድ የመረጥነውም ይህንኑ ነው። አቀበቱ ከያዘ በኋላ፣ ፔዳሉ በሙሉ ጉልበት እየተረገጠ ሳለ ማርሽ የሚቀይር ልጅ ሰንሰለቱ ይወልቅበታል፤ ማርሹ መቅለል ያለበት አቀበቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ ከቆላ አገር ተዛውረው የመጡ ሁለት አባሎቻችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ ሲያጥራቸው ሌሎቹ ይስቁ ነበር። ሣቁ አልቆየም።

የጉዞ ቀን አወጣጥ ራሱን የቻለ ጥበብ ይጠይቃል። በጥቅምትና በኅዳር አህያና ጋሪ እህል ጭነው መንገዱን ይሞሉታል፤ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ገበያ የሚወጣውን ሕዝብ ተቃውሞ መንዳትም ለሁለቱም ወገን አይበጅም። በጥር፣ ቀሃ ወደ መዋኛው ተጠልፎ ለጥምቀት ውኃ በሚሞላበት ሰሞን፣ ከተማው በእንግዳ ስለሚጨናነቅ ብስክሌቶቻችንን ቆልፈን በዓሉን አከበርን። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ስለተገጣጠሙ የረቡዕ ከሰዓቱን ልምምድ በውኃ ልኩና በካርታው ሥራ ተካነው። የክርስቲያኖቹ ልጆች ቅዳሜና እሑድ ጠዋት መብላት ስለሚችሉ የእነርሱን ጉዞ ወደነዚያ ቀናት ስናዛውር፣ የሙስሊሞቹን ደግሞ ከዒድ በኋላ እንዲካካስ አደረግን። ባዶ ሆዱን ወደ አቀበት የተላከ ልጅ የለም።

በመዝገባችን ውስጥ እያንዳንዱ መንገድ በመልሱ ተመዝኖ ተጽፏል፦ የሚያርፉበት ጥላ የት እንዳለ፣ ውኃ የሚገኝበት ቦታ፣ የተቦረቦረው የአስፋልት ጠርዝ፣ ባጃጅ የሚዞርበት አፋፍ፣ ጎሚስታ የሚገኝበት የመጨረሻው መንደር። ከወለቃ ወዲያ ያለውን በአካል አላየነውም። የመንገዱን ጸጥታ እያየን ነበር የምንወስነው፤ ያለ ወላጅ ፈቃድም አንድም ጊዜ ከከተማ አልወጣንም። ስለ ኮሶዬ የተጻፈው ቤተሰቦቻቸው አምባ ጊዮርጊስ የሚኖሩ ተማሪዎች በአውቶቡስ ሲመላለሱ ካስተዋሉት የተወሰደ ስለሆነ በእርሳስ ነው የተጻፈው።

ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ እንደ ገረመው ደንቦባ ያሉ ብስክሌተኞችን ጭምር መላኳን፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ መሰለፉን በክበቡ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ አውጥተን ነበር። የሩጫ አገር ብቻ ነን ብለው ያደጉት ልጆች ጋዜጣው ሥር ቆመው ብዙ ተከራክረዋል።

ለሚመጣው ዓመት የታሰበው የጎርጎራ ጉዞ ነው። በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል እስከ ጣና ዳርቻ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሆን፣ በአንድ ቀን ደርሶ መመለሱ ለተማሪ አይመከርም። ሐሳባችን ጠዋት ወርደን፣ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልመን፣ ብስክሌቶቹን በአይሱዙ ጭነን መመለስ ነው፤ የመኪናውን ወጪ የሚችል ወላጅ ቢገኝ ክበቡ በደስታ ይቀበላል። በክረምቱ ብስክሌት በቤታቸው የሚያቆዩ አባላት ሰንሰለቱን ዘይት እንዲቀቡ፣ ጎማው ተንፍሶ እንዳይቆም በየጊዜው እንዲነፉት አደራ እንላለን። የአዲስ አባላት ምዝገባ በመስከረም ይጀመራል። ፍሬኑ የማይሠራ ብስክሌት ይዞ የሚመጣ ተማሪም ይመዘገባል፤ ፍሬኑ እስኪጠገን ድረስ ግን የሚይዘው ውኃ ልኩን ነው።