ጋቢ ሲያጣፉ ለተሰበረው የአባባ ክንድ፤ ለደረሳችሁልን ሁሉ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ቢቸና ዙሪያ ላላችሁ ዘመዶቻችን፣ ለጎረቤቶቻችን፣ ለሐኪሞቹና በስልክ «እንዴት አደሩ?» ስትሉን ለከረማችሁ ሁሉ ነው። ስም እየጠራሁ ላመሰግን አስቤ ነበር። አንዱን ረስቼ መቀያየም እንዳይመጣ ፈራሁ።

ሰኔ ላይ ነው። አባባ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ ሲያደርጉ ቀኝ ክንዳቸው ቀጭ አለ። አልወደቁም፤ ማንም አልገፋቸውም። ድምፁን አጠገባቸው የቆመው ሰው ሳይቀር ሰምቶታል።

መጀመሪያ የማመሰግነው ወጌሻውን ነው። ይገርማችሁ ይሆናል። ክንዱን ዳበስ አድርገው «ከምን ላይ ወደቁ?» አሉ። አልወደቁም አልናቸው። እጃቸውን ሰበሰቡ። «ጋቢ አጥንት አይሰብርም። ይህን እኔ አላሽም፤ ራጅ አስነሷቸው» አሉን። ብርም አልተቀበሉን። ያን ቀን በቀርከሃ አስረው ቢሸኙን ደስ ብሎን ነበር የምንመለሰው፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ወጣት ሐኪም የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አሳዩኝ። አጥንቱ ነቀዝ የገባበት በቆሎ ይመስላል፤ ክብ ክብ ቀዳዳ። ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። ወገባቸውን ያማቸዋል? ከጥቅምት ጀምሮ። ይደክማቸዋል? እንዴታ። ውሃ ያበዛሉ? ሆዳቸው ይደርቃል? ሁሉም ነበረ። እኔ ግን «ብርድ ነው፣ የእርሻ ድካም ነው» እያልኩ አልፌዋለሁ። አንድ ክሊኒክም ስምንት ወር ሙሉ ማስታገሻ ሲሰጣቸው ከረመ። ኋላ የተገኘባቸው በሽታ የሚያጠቃው ኩላሊት ደግሞ አንዳንዱን ማስታገሻ አይችለውም። ቂም አልያዝኩም፤ ግን አንድ የደም ምርመራ ምን ነበረበት?

ምርመራው ደም ማነስ፣ ከፍ ያለ ካልሲየምና የተጎዳ ኩላሊት አሳየ። ከዳሌያቸው መቅኔ ተወስዶ ሲታይ «መልቲፕል ማይሎማ» ተባለ። መቅኔ ውስጥ የሚነሳ የደም ካንሰር ነው፤ አጥንትን ከውስጥ ይበላል። የፈረሰው አጥንት ካልሲየሙን ወደ ደም ይለቃል። ያ ሁሉ የውሃ ጥምና የሆድ ድርቀት ለካ ከዚያ ነው! ስብራት ሁሉ ካንሰር ነው ማለቴ አይደለም፤ እርጅናም አጥንት ያሳሳል። ሐኪሙም እንደዚያው ነው ያሉን።

ደም ለሰጣችሁልን ልጆች፣ ደማችሁ ይባረክ። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሲጻፍላቸው ይዘኸን የሄድከው ሾፌር፣ ከደጀን ቁልቁል የአባይን በረሃ እንቁላል እንደጫነ ሰው ነው የወረድከው። አባባ በየጠመዝማዛው ክንዳቸውን አቅፈው ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። ተሳፋሪውም «ቶሎ ንዳ» ያለ አንድ ሰው የለም።

ሐምሌ ላይ ማሳችን ጦም ሊያድር ነበር። ደቦ ወጥታችሁ ጤፉን ዘራችሁልን። እማማ ጠላ ልጥመቅ ቢሉ «እሱ ባልሽ ሲመለሱ ነው» አላችኋቸው። ይህን የነገሩኝ እያለቀሱ ነው።

አሁን ክንዱ ብረት ገብቶለታል፤ ጨረሩንም ጨርሰዋል። ኪሞው ይቀጥላል። በሽታው ጨርሶ የሚነቀል ባይሆንም ጋብ ብሏል፤ ወገባቸውም ቀለል ብሎላቸዋል። ጠላው ተጠምቋል፣ እሁድ ኑ። ጋቢያቸውን ለጊዜው የሚያጣፉላቸው እማማ ናቸው። በግራ በኩል ነው የሚያጣፉት፤ አባባ አልተመቻቸውም፣ በየጠዋቱ ይነጫነጫሉ።