እማማ ከወንበራቸው አይነሱ

ውድ እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልሽ መቅረቴ ያሳፍረኛል፤ ምክንያት አልደረድርም፣ ይቅር በይኝ። የአሁኑን መልእክትሽን ግን ማሳደር አልቻልኩም። ለገና ከነልጆችሽ ከዋሽንግተን ገብተሽ፣ ከእማማ ጋር ቤተሰቡ በሙሉ ፎቶ እንዲነሳ ማሰብሽ በጣም ደስ ብሎኛል። በዚያ ሰሞን እኔ አዲስ አበባ አልኖርም። ካሜራውን የሚይዘው ታናሽ ወንድምሽ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ እሱም ያንብበው።

ከሁሉም በፊት፣ ነገሩን ሁሉ ከእማማ ተነስታችሁ አስቡት። አሥራ አራት ናችሁ ብለሽኛል። አሥራ ሦስታችሁ ተነሱ፣ ዙሩ፣ ተጠጉ ብትባሉ ምንም አይደለም። እሳቸው ግን አንዴ ከተቀመጡ እስኪያልቅ ድረስ አይነሱ፤ ሰው ወደ እሳቸው ይምጣ፣ ይሂድ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረጠው ወንበራቸው ነው። ሶፋ አይሁን፤ ያሰምጥና ጉልበታቸው ከወገባቸው በላይ ይወጣል፣ አገጫቸውም ደረታቸው ላይ ይወድቃል። ከምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች አንዱ፣ መቀመጫው ጠንከር ያለው፣ ይበቃል። እግራቸው መሬት ካልነካ ምንጣፍ አጥፋችሁ ከሥር አድርጉላቸው፤ እግር ከተንጠለጠለ ትከሻም ይወጠራል።

ቀኑ የገና ዕለት አይሁን። እማማ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረው ደክመው ነው የሚመጡት፤ ቤቱም እንግዳ ይበዛበታል፣ ነጭ ልብስ ለብሶ ዶሮ ወጥ መብላትም አለ። ከበዓሉ በኋላ ያለው ቅዳሜ ይሻላል። እናንተም ከገባችሁ ቢያንስ አምስት ስድስት ቀን ይለፍ። በዚያ ወቅት የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ስምንት ሰዓት ነው፤ ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ሌሊት ነቅተው ቀን ይተኛሉ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ደግሞ በምንም ማባበያ ወደ ካሜራ አያይም።

ስለ ብርሃን ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግቢው ውስጥ በጣም የደመቀውን ቦታ በመምረጥ ነው። ፀሐይ ላይ ከቆማችሁ ዓይናችሁ ይጨፈናል፣ ከቅንድብ ሥር ጥቁር ጥላ ይወርዳል፣ ነጩ ልብስ ደግሞ ፎቶው ላይ "ይቃጠላል"፣ ማለትም ብርሃን በዝቶበት ባዶ ነጭ ይሆንና ጥበቡ ሁሉ ይጠፋል። የምትፈልጉት ጥላ ነው፣ እሱም ከቤቱ ጀርባ አለላችሁ። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትዞር፣ ወደ ሰሜን የሚያየው ግድግዳ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ አይነካውም። (በሰኔ ብትመጡ ኖሮ ተቃራኒው ነበር።) ሰሜኑን በስልክሽ ኮምፓስ አረጋግጪ። ሦስት ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው ቤት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው ጥላ ይሰጣል፤ ለሁለት ረድፍ ይበቃል። ጠዋት ማለዳውን ተዉት፤ ብርዱ ለእማማ አይሆንም። አራት ሰዓት ላይ ግን አየሩም ሞቅ ይላል።

የፊተኛው ረድፍ ሰዎች የቀሚስ ጫፍ ከጥላው ወጥቶ ፀሐይ እንዳይነካው ወንድምሽ ጎንበስ ብሎ ይይ። ከላይ ሲታይ ምንም አይመስልም፤ ፎቶው ላይ ግን ከሁሉ ቀድሞ ዓይን የሚስበው እሱ ነጭ ቁራጭ ነው። ከጥላው ፊት ለፊት ያለው መሬት ሲሚንቶ ከሆነ እሰየው፤ ፀሐዩን መልሶ ፊታችሁ ላይ ያበራል። ሣር ከሆነ ግን አረንጓዴው አገጭና ነጠላ ላይ ይወጣል፤ ከካሜራው እይታ ውጭ ሁለት ነጭ አንሶላ ሣሩ ላይ ዘርጉበት። ለበዓሉ የተወጠረ ሰማያዊ ሸራ ካለ ደግሞ አስወርዱት፤ ከሥሩ የቆመ ሰው ፊቱ ሰማያዊ ይሆናል፣ ያንን በኋላ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው።

ልብሱ ላይ ልቆይ፣ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው። ሁሉም ነጭ ይልበስ ስላላችሁ ብቻ ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ አይሆንም። በእጅ የተፈተለው ጥጥ ወደ ወተት ያደላል፤ የፋብሪካ ጨርቅ ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚወስድ ንጣት አለው። ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ያልታጠበ ይመስላል። ከሳምንት በፊት ሁሉንም አውጥተሽ መስኮት አጠገብ አስተያዪ፤ የተለየው ሰው ወደ ዳር ወይም ወደ ኋላ ይሂድ፣ አለዚያ ጋቢ ይደርብበት። ጥለቱ አንድ ዓይነት እንዲሆን አትድከሚ፤ ሁለት ወይም ሦስት የሚቀራረቡ ቀለሞች ይበቃሉ። የእማማን ጥለት መነሻ አድርጊና የሌላው ከእሱ ይመረጥ። ሳሳ ላለ ቀሚስ ረዘም ያለ የውስጥ ልብስ፣ ቀለሙ ወደ ገላ የሚጠጋ፣ ያስፈልጋል፤ ነጭ ከሆነ ጠርዙ በላይኛው ጨርቅ ላይ ይታያል።

አዲስ ቀሚስ እጥፋቱ ቶሎ አይለቅም፤ ከሁለት ቀን በፊት ተሰቅሎ ይደር። ካውያ ሲነካው በውስጥ በኩል፣ ትንሽ እርጥበት ኖሮት ይሁን፤ ጥበቡ ላይ ስስ ጨርቅ ይደረብ፣ የሳባ ክር የጋለ ካውያ አይችልም። ነጠላ ሲለበስ ደግሞ ልጆችሽን አንድ በአንድ እያቸው። ጥለቱ ወደ አንገት ከዞረ የሐዘን አለባበስ ነው፤ እነሱ ባያውቁት አይፈረድባቸውም፣ እማማ ግን ፎቶውን ባዩት ቁጥር ያዝናሉ።

ሹሩባ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ይሠራ፤ በዕለቱ ከተሠራ ግንባር ይወጠራል፣ ልጅም ያመዋል። የወንዶቹ ፀጉር ቁርጥም እንዲሁ። የልጆቹን ፊት ቫዝሊን እንዳትቀቧቸው፤ ግንባርና ጉንጭ ያብለጨልጫል።

አሁን ለወንድምሽ። ለአሥራ አራት ሰው በሁለት ረድፍ አምስት ሜትር ወርድ ያዝ። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ (ካሜራው ፉል ፍሬም፣ ማለትም ትልቁ ሴንሰር ያለው ከሆነ) ያንን ለመሸፈን ሰባት ሜትር መራቅ አለብህ፤ ግቢው ይበቃ እንደሆነ አስቀድመህ ለካ። ቦታ ጠበበኝ ብለህ ሰፊ ሌንስ ብታስገባ ዳር የቆሙት ሰዎች ይለጠጣሉ። አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) 5.6፣ የሹተር ፍጥነት ከ1/200 ሰከንድ ያልዘገየ፣ ትራይፖዱ በተቀመጡት ሰዎች ዓይን ከፍታ። ፊትህ ወደ ደቡብ ስለሚሆን ፀሐይ ከጣሪያው በላይ ሌንሱን ልትመታው ትችላለች፤ ያኔ ፎቶው ጭጋግ ይለብሳል፣ በካርቶን ጋርደው። ካሜራ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልመዋል፤ ሲያጨልም ደግሞ የሚጎዳው ፊት ነው። ስለዚህ በካሜራው የብርሃን ማስተካከያ (+/−) 0.7 ጨምረህ ጀምር። የተቃጠለ ቦታን በብልጭታ የሚያሳየውን ምልክት ክፈትና ነጠላው መብለጭለጭ እስኪጀምር ጨምር፣ ከዚያ አንድ እርምጃ መለስ በል። የሽመናው ክር እየታየ ፊትም የፈካበት ነጥብ እሱ ነው። ፋይሉን በሮው (RAW፣ ካሜራው ራሱ ያላቀናበረው ፋይል) አስቀምጥ። አንተም መግባት ስላለብህ ቦታህ ባዶ ይቆይልህ፤ ካሜራው አሥር ሰከንድ ጠብቆ በተከታታይ እንዲያነሳ አድርገው።

ስንት ጊዜ? ኒክ ስቬንሰንና ፒርስ ባርንስ የሚባሉ የአውስትራሊያ ምርምር ተቋም ባልደረቦች ማንም ዓይኑን ያልጨፈነበት ፎቶ ለማግኘት ስንት ጊዜ ማንሳት እንደሚያስፈልግ አስልተው በ2006 እ.ኤ.አ. የኢግ ኖቤል ሽልማት (መጀመሪያ ለሚያስቅ፣ ከዚያ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጠውን) አግኝተዋል። ከሃያ ሰው በታች ከሆነ ጥሩ ብርሃን ላይ የሰውን ቁጥር ለሦስት፣ ደካማ ብርሃን ላይ ለሁለት ማካፈል ነው። ለእናንተ አምስት ይደርሳል። ልጆች ስላሉ ግን አሥራ አምስት አንሱ።

ቅደም ተከተሉን በወረቀት ጻፊው፤ ስም የሚጠራ ሰው ይመደብ። ሌላው እየለበሰ ሳለ መጀመሪያ እማማ ብቻቸውን ይነሱ። ገና አልደከሙም፣ ወንድምሽም ብርሃኑን በእሳቸው ላይ ያስተካክላል። ከዚያ ሁላችሁም፤ ቀጥሎ እማማ ከልጆቻቸው፣ ከዚያ ከልጅ ልጆቻቸው። አርባ ደቂቃ አይለፍ። "ይሳቁ እንጂ" እያላችሁ አታስቸግሯቸው። ለእሳቸው ቀጥ ብሎ፣ እጅን ጉልበት ላይ አድርጎ መነሳት ክብር ነው፤ ያንን በመጀመሪያ እንደሚወዱት አንሱላቸው። ቀጥሎ አንዷ የልጅ ልጅ ትጠጋና ስለ ልጅነትሽ ትጠይቃቸው፤ ፊታቸው ራሱ ይፈታል። ነጠላቸው ግንባራቸው ላይ ከወረደ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ መልሺላቸው፤ ዓይናቸውን ይጋርደዋል። ትከሻና ደረት ላይ ያለው ነጠላ ግን ብርሃኑን መልሶ ፊታቸው ላይ ስለሚያበራ እንዳለ ይሁን።

መነጽራቸው ፀሐይ ሲያይ የሚጠቁር ዓይነት ከሆነ ጥላ ውስጥም ይጠቁራል፤ ፎቶው ላይ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ይመስላሉ። የድሮው ተራ መነጽራቸው ካለ ከወዲሁ ይፈለግ። ያለ መነጽር ግን አታንሷቸው፤ ልጆቻችሁ የሚያውቋቸው በመነጽር ነው።

የጋሼን ፎቶ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እማማ ይዘው እንዲነሱ ያልሽው መልካም ነው። የፍሬሙ መስታወት ሰማዩን ስለሚያንጸባርቅ ፊታቸው ይጠፋል፤ መስታወቱን አውጡት፣ ካልተቻለም የፍሬሙ ላይኛው ጠርዝ ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብል።

ፎቶዎቹን በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ፋይል ይላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና ሲታተም ይደበዝዛል። ለእማማ ሳሎን 30 በ45 ሳንቲሜትር አሳትሙ፤ ያ ካሜራው ካነሳው ቅርጽ ጋር እኩል ነው። 40 በ50 ከመረጣችሁ ከወርዱ ከስድስት አንዱ ይቆረጣል፣ ስለዚህ ስትነሱ በሁለቱም ዳር ባዶ ቦታ ተዉ። የሁላችሁንም ስም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ፣ በወረቀት ጽፈሽ ከፍሬሙ ጀርባ ለጥፊው።

ጥያቄ ካለሽ በማንኛውም ሰዓት ጻፊልኝ፣ እመልሳለሁ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ናፋቂ ወዳጅሽ